ሰው፣ በከፊል

የባሮክ ድርሻ አንድ ሲኒ ነበር። ለማንም አንድ ሲኒ ነው፤ ለሚኒስትሩም ለዘበኛውም። በከተማው መቃብር ከተዘጋ ወዲህ ካህናቱ እንደ ጥንቱ ፍትሐቱን ሬሳው ላይ ያደርሳሉ። እነሱ ሲጨርሱ ግራጫው መኪና ይመጣል። በሰልስቱ የዕረፍት ማዕከሉ አንድ ሲኒ አመድ በወረቀት ከረጢት አሽጎ ለቤተሰብ ይመልሳል፤ የቀረው ከከተማው ውጭ ላሉት ዛፎች ይሆናል። እድሩም ዶማና አካፋውን ሸጦ ጃንጥላ ገዝቷል።

ሚስቱ ሄራን ከረጢቱን ስትቀበል በመዳፏ መዘን አደረገችውና «ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው እናቴ፤ ያጽናዎት» አለ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ድምፅ። ሰው ይሁን ማሽን አልለየችውም። ዛሬ ዛሬ ሁለቱም «እናቴ» ነው የሚሉት።

ባሮክ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ትልቅ ሰው ነበር። የድሬንና የጅቡቲን መንገድ በሰው እጅ ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ ነው። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ቤቱ ገባ፤ በረንዳው ላይ ቃሪያ ተከለ። በሾፌርነቱ ዘመን የትም ይድረስ የት፣ መኪናውን ካቆመ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ሄራን ጋ መደወል ነበር። ረጅም ወሬ አያውቅም። «ገብቻለሁ» ይላል። እሷም «ተመስገን» ትላለች። ስልኩ ይዘጋል። ዕድሜ ልካቸውን የተነጋገሩት ቢሰበሰብ ግማሹ ይኸው ነው። ከሞተ ወዲህ ውስጧን የሚበላት ነገርም ከዚሁ አያልፍም፤ ያን ያህል መንገድ ሄዶ ሳይደውል ቀረ።

በከተማው ሐዘንተኛ በጥቁር ልብስ መለየቱ እየቀረ ነው። ሰው ሲኒውን ወደ አንጥረኛ ይልካል። አንጥረኛው ከብርጭቆ ጋር አቅልጦ ባቄላ የምታህል ዶቃ ያደርገዋል፤ ዙሪያዋን በብር አቅፎ ይመልሳታል፤ እሷን በማተብ ክር አንገት ላይ ማሰር ነው። ባቡር ላይ የማይተዋወቁ ሴቶች አንዷ የሌላዋን አንገት አይታ «ማንሽ ናቸው?» ትላለች። «እናቴ።» «ነፍስ ይማር። ይሄ ወንድሜ ነው፤ ንኪው ግድ የለም።» ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ሲሰግድ ዶቃዎቹ ወለሉን ይመቱታል። ያላየ ሰው ውጭ ካፊያ የጣለ ይመስለዋል።

ሄራን የሐረሯን አንጥረኛ የመረጠችው ስልክ ላይ የምታነጋግረው ማሽን ሳይሆን ራሷ ስለሆነች ነው። ኢክራም ትባላለች፤ የሱቋ በር ጀጎል ውስጥ ነው። እንደ አገሯ ልማድ ማንንም «አንቺ» ነው የምትለው።

«እማማ አትቀየሚኝ፣ አንቱ የምለው ለሞተ ሰው ብቻ ነው» አለቻት ገና በመጀመሪያው ቀን።

«እንግዲያው አንቺ በይኝ፤ አልቸኩልም።»

ኢክራም ሳቀች። «በይ ስሚኝ። ወረቀቱን አትመኚ፣ ይቀደዳል። ላስቲክ ውስጥ አድርጊና አፉን አሽጊ። ላስቲኩን ክዳኑ የሚጠመዘዝ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዪ። ካርቶኑ ውስጥ እንዳይንገላታ ዙሪያውን ሙዪው። ላስቲኩም ላይ ጠርሙሱም ላይ ስማቸውን ጻፊ። ደግሞ አቦ፣ ሁሉንም እንዳትልኪ! ለኔ አንድ ማንኪያ ይበቃኛል። መንገድ ነው፤ ምን ይታወቃል።»

ሄራን እሺ እሺ አለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን አንድ በአንድ ተወችው። ላስቲኩን መጀመሪያ። ባሮክ መታፈን አይወድም ነበር፤ በክረምት እንኳ መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳ። እናም አመዱን እንዲሁ ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠችው። ቀጥሎ ስሙን። እስክሪብቶና ማጣበቂያ ወረቀት ይዛ ወጥ ቤት ተቀመጠች። ከፊቷ መደርደሪያው ላይ በራሷ እጅ የተጻፉት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። ከነሱ ቀጥሎ «ባሮክ» ሲመጣባት እስክሪብቶውን አስቀመጠች። መክፈሉንማ ጭራሽ አላሰበችውም። ሰው እንዴት በማንኪያ ይከፈላል?

ከመላኩ በፊት አንድ ቀን ከሥዕለ ማርያም ሥር እንዲያድር ፈለገች። በእመቤታችን በኩል ቀኝ የክብር ቦታ ነውና በቀኟ አኖረችው። በግራዋ ሌላ የማር ጠርሙስ ነበር፤ ከአንድ ነጋዴ የተገዙ መንትዮች ናቸው። እሱ ውስጥ ያለው እምነት ነው፤ ከደብር ያመጣችው፣ ሕመምተኛ የሚቀባው የተባረከ አመድ። በማግስቱ ጸሎቷን አደረሰች፣ ሰገደች፣ በቀኝ ያለውን ጠርሙስ አነሣች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ ካርቶኑን ቀዳዳ ሳታስቀር ሞላች። ወደ ፖስታ ቤት ሄደች።

ፖስታ ቤት ሠራተኛ የለም። ካርቶኑን የሚዛኑ ሳህን ላይ ያስቀምጡታል፣ ድምፁ ይጠይቃል።

«የሚልኩት ምንድን ነው? ሰነድ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ልብስ፣ ሰው በከፊል፣ ወይስ ሌላ?»

«በከፊል አይደለም፤ ሁሉንም ነው የምልከው» አለች ሄራን።

«ሙሉ ሰው በፖስታ አይላክም።»

«እኔ ያለኝ ሁሉ ይሄ ነው።»

ድምፁም «የሚልኩት ምንድን ነው? ሰነድ፣ ምግብ…» ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። «ሰው፣ በከፊል» የሚለውን ቁልፍ ነካች፤ ስትነካው ግን የዋሸች ያህል ፊቷ ሞቀ።

ቤቷ ገብታ ስልኳ ላይ ሰማያዊዋን ነጥብ ስትከተል ዋለች። ሾፌር የሌለው መኪና፣ ባሮክ ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው መንገድ። አዋሽ ላይ ነጥቧ ቆመች። «ሻይ ይጠጣ» አለች ሄራን። ቁልቢ ላይ ስትደርስ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። እሱ እዚያ ሲያልፍ መሪውን በግራ እጁ ይዞ ያማትብ ነበር፤ አሁን ማማተቡ የሷ ተራ ነው። ነጥቧ ሐረር ስትገባ መልእክት መጣ፤ «ዕቃዎ ደርሷል። ተራዎ ሲደርስ ይከፈታል።»

«ተመስገን» አለች። ከወዲያ በኩል የሚሰማ አልነበረም። ዕቃ ነው የደረሰው።

ከዚያ በኋላ ነው ብሌን በጉልበቷ ምክንያት የመጣችው። ብሌን ከላይኛው ፎቅ ነች። ከባሮክ ጋር ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት አልፈው ነበር። እርጥብ ልብስ በረንዳዋ ላይ እያሰጣች የሳሙና ውኃ ቃሪያው ላይ ያንጠባጠበች ጊዜ ነው ነገሩ የጀመረው። እሱ አንድ ቀን «እባክሽ» አላት፣ እሷ «ሰማይ ላይ ላስጣልህ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ባርኔጣውን እየነካ ያልፋል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሲሞት ግን ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰች ብሌን ነበረች። ሄራን ይህን አይታ በልቧ ይዛለች።

«ሄራንዬ፣ ጉልበቴ ገደለኝ። ከዚያ ከእምነትሽ ትንሽ አትነፍጊኝም?»

«ከሥዕሉ ሥር አለ። ራስሽ ተቀቢ፤ እጄ ሽንኩርት ነው።»

ብሌን ጉልበቷን ገልጣ፣ እያቃሰተችና እየጸለየች፣ ደህና አድርጋ አሸችው። ግንባሯንም ቀባች። ለእግሬ ጣት ብላ ደግሞ በመሐረብ ቋጥራ ወጣች።

በሳምንቱ ሊፍቱን ትታ በደረጃ ወረደች። «እይ! እይ!» እያለች ሄራን በር ላይ ቁጭ ብድግ አለች። ብሌን የሰማችውን የምትደብቅ ሴት አይደለችም። የጎረቤት ሴቶች አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ አንዷ ለወገቧ፣ አንዷ ለልጅ ልጇ ደረት፣ አንዷ እንቅልፍ ላጣ ባሏ። ሄራን በማንኪያ እየቆነጠረች ሰጠች። ቤቷ ከለቅሶው ወዲህ ሰው ገብቶበት አያውቅም ነበር፤ አሁን ሻይ ማፍላት ለመደች። ጠርሙሱ በጎደለ ቁጥር ደስ ይላታል። ሲያልቅ ከደብሩ ሌላ አመጣለሁ ብላ አሰበች።

ኢክራም የደወለችው ሄራን ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ነው።

«እማማ፣ ተቀምጠሻል?»

«ምነው ልጄ? ተሰበረ?»

«አልተሰበረም፤ እንደ ሙሽራ ነው የጠቀለልሽው። ግን ሳልነካው ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ይሄ አመድ ውስጥ የጧፍ ቁራጭ አለበት። ክሩ ሁሉ አለ። ሲሸትም የሆነ የቤተ ክርስቲያን ነገር ይላል። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን እማማ እንዲህ ያለ ነበራቸው፤ ራሴን ሲያመኝ በሰላም እደጊ ብለው ይቀቡኝ ነበር። እናንተ የምትቀቡት ነገር አይደለም ወይ?»

ሄራን ልብሱን ከጭኗ ላይ አነሣችና ወደ ጎን አደረገችው። ሥዕሉ ፊት ሄዳ ቆመች። ቀኝ እጇን አነሣች። የእመቤታችን ቀኝ ለሄራን ግራዋ ነው። ማታ ያስቀመጠችው በሥዕሉ ቀኝ፤ ጠዋት ያነሣችው በራሷ ቀኝ።

«እማማ? አለሽ?»

«አለሁ ልጄ። ቆይ መልሼ ልደውልልሽ።»

ጠርሙሱን አወረደችው። ወደ ብርሃን አቀናችው። ሥሩ ላይ የቀረው ማንኪያ አይሞላም። ይህን ሁሉ ቀን ነጥብ ስትከተል፣ ሐረር ላለ ሰው ስትጸልይ፣ ከአጠገቧ ነበር። ሻይ ስታፈላም ነበር። ያልደወለው ለካ ስላልሄደ ነው።

«እዚህ ነበርክ?» አለችው። ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሲኒ ሰጥተዋት፣ እሷ ደግሞ በፈቃዷ፣ ፈገግ እያለች፣ በማንኪያ ለሰው ወገብና ጉልበት አካፍላዋለች። ይህችን የቀረችውን ብትልካት ቤቷ ባዶ ይሆናል። ባትልካት ደግሞ አንገቷ ባዶ ይሆናል።

ደረጃውን ወጣች። ብሌን ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ብሌን፣ ያ የተቀባሽው እምነት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? እንዴት ያለ መድኃኒት መሰለሽ!»

«ባሮክ ነው።»

ብሌን የያዘችውን አንሶላ አልለቀቀችም። ጉልበቷን አየች። ሄራንን አየች። መልሳ ጉልበቷን አየች።

«ደረጃ ላይ ባርኔጣውን ነክቶ ሲያልፈኝ የኖረው ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ኖሮ ኖሮ ጉልበቴ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ?»

ሄራን ሳታስበው ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ብሌን አንሶላውን ጥላ አቀፈቻት። ሁለቱ እንዲያ እንደተቃቀፉ ቆዩ፤ የአንሶላው ውኃ ታች የባሮክ በረንዳ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይቅር ብሎኝ ይሆን?» አለች ብሌን።

«ጉልበትሽ ተሽሎሻል አይደል?»

«ተሽሎኛል።»

«በተቀየመው ሰው ላይ እጁን አያኖርም ነበር።»

ብሌን ዓይኗን ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ለእግሬ ጣት ብላ የቋጠረችውን መሐረብ ይዛ ወጣች። «አልነካሁትም። ጉልበቴ ሲሻለኝ ለጣቴ ሰሰትኩለት። አንቺ ውረጂና ጠብቂኝ፤ የቀሩትን ሴቶች እኔ አዳርሳለሁ።»

«ምን ልትያቸው ነው?»

«እንጃ። ደረጃ ላይ አስብበታለሁ።»

ሊፍቱ የቆመ ቀን ነበር። ሄራን በሯን ከፍታ የብሌንን እግር ስታዳምጥ ቆየች፤ ሲወጣ፣ ሲያርፍ፣ ሲያንኳኳ፣ ደግሞ ሲወጣ። ከዚህ በፊት አንድ ፎቅ ለመውጣት ሦስቴ የምትቀመጥ ሴት ናት። ስትመለስ ላብ አጥምቋታል፤ ቀሚሷን እንደ ገበሬ ሴት ቋጥራ የሰበሰበችውን አቅፋለች። የክብሪት ቀፎ። የመድኃኒት ክዳን። የታጠፈ ወረቀት። የስኳር ከረጢት።

«ዋሽቼ ልነግራቸው ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። እውነቱን ነገርኳቸው» አለች እየተነፈሰች።

«ምን አሉ?»

«አንዷ ጮኸች። ወዲያው ደግሞ ሮጣ ሄዳ ይህን አመጣች፤ ጠረጴዛዋን ሁሉ ጠርጋ ነው። የወገቧ ሴትዮ ግን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እሱማ በደህናው ጊዜም ሸክሜን ተቀብሎኝ ያውቃል› አለች። የሕፃኑ አያት የሚመለስ የላትም፤ ሁሉንም ደረቱ ላይ ጨርሳዋለች። ባዶ እጅሽን አትውረጂ ብላ ስኳር ሰጠችኝ። ያ ከረጢት እንግዲህ ስኳር ነው፤ እንዳታደባልቂው።»

ሄራን ነጭ ሳህን አመጣች። ሁለቱ ሴቶች መስኮቱን ዘግተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከቀፎውም ከክዳኑም ከመሐረቡም እያራገፉ ሰበሰቡት። ሲያልቅ ብሌን መሐረቡን አላጥበውም ብላ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሳህኑ ላይ ያለው ሁለት ማንኪያ ይሆናል።

ሄራን ማንኪያውን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ አማተበችና ከፈለችው።

ግማሹን ወደ ሥዕሉ መለሰችው። ግማሹን ላስቲክ ውስጥ አደረገች። «ጥቂት መንገድ ነው፤ ታገሥ» አለችው አፉን ስታሽግ። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፋ እስክሪብቶውን አነሣች፤ አሁንም «ባሮክ» ብላ መጻፍ አልሆነላትም። ኮረሪማው እዚያው ተቀምጦ ያያታል። ያን ጊዜ ካህናቱ በፍትሐቱ ላይ የጠሩት ስም ትዝ አላት፤ የክርስትና ስሙ፣ ከሷና ከነፍስ አባቱ በቀር በሕይወቱ ማንም ጠርቶት የማያውቅ። ያ ስም የትም መደርደሪያ ላይ የለም። በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት ወልደ ሰንበት ብላ ጻፈች፤ ላስቲኩ ላይም ጠርሙሱም ላይ። ቤት የቀረውም ላይ ጻፈች።

ፖስታ ቤት ብሌን አብራት ሄደች፤ በእግሯ።

«የሚልኩት ምንድን ነው?» አለ ድምፁ።

«ሰው፣ በከፊል» አለች ሄራን ቁልፉን እየነካች። በዚህ ጊዜ ፊቷ አልሞቀም። የቀረው ቤቱ ነው።

ነጥቧን አልተከተለችም። ቃሪያውን ውኃ አጠጣች፤ አንደኛው ችግኝ አበባ አውጥቷል። ሽሮ ለካች፤ ለሕፃኑ አያት የስኳሩን ከረጢት በዳቦ ሞልታ መለሰች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብሌን ጋ ሻይ ይዘው ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጮኸ። የማሽን መልእክት አልነበረም።

«እማማ፣ ኢክራም ነኝ። ማሽኑ ሳይነግርሽ ልቅደመው ብዬ ነው። የናንተን እምነት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ መሬት አልነካም፤ ከዶቃው ጋር እመልስልሻለሁ። ደግሞ አሁን በሩ ተንኳክቶ…» ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ፤ ጽሕፈቱን እያነበበች ነው። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባባ ወልደ ሰንበት በሰላም ገብተዋል።»

ሄራን ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ተመስገን» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ብሌን ሲኒዋን አፏ ጋ አድርሳ ሳትጠጣ ትጠብቃለች።

«ገባ?»

«ገብቷል።»